አራተኛው ርግጫ ንዴት ነው

አደጋው የገባኝ ቅጠሉን ሳይ ነው።

ከገረሴ ወርደን ደረቁ ወንዝ ጫፍ ደርሰን ነበር። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አሸዋው ያቃጥላል። ልጄ ምሕረት የዘጠኝ ወር ሆዷን ይዛ ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ እንዳትወድቅብኝ በነጠላ ከወገቤ ጋር አስሬያታለሁ። ምጡ ሲመጣባት ትከሻዬን ትጨብጣለች፣ ሲተዋት ትለቀኛለች። መሻገሪያውን ልይ ብዬ ቀስ ስል ሞተሯ ሁለቴ አስነጠሰችና ጸጥ አለች።

ያኔ አልደነገጥኩም። ሞተር ሲጠፋ መደንገጥ የተውኩት ድሮ ነው። ቀና ስል ግን በአሸዋው መሀል ቀጭን ቡናማ ውሃ እንደ እባብ እየተሳበ ሲመጣ አየሁ። ጣት እንኳ አያሰጥምም። ከፊቱ ደረቅ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ፣ የፍየል በጠጥ እየገፋ ይመጣል። የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቃል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ የላከው መልእክተኛ ነው። ዋናው ከኋላ ነው። ጆሮዬን ሰጠሁት። ከሩቅ፣ ከተራራው ሥር፣ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲማታ ሰማሁ፤ ልክ እንደ ወፍጮ ቤት።

ጎርፉ ከቀደመን እስከ ነገ ጠዋት ማንም አይሻገርም። ወዲያ ማዶ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ማዶ አርባ ምንጭ፣ እዚያ ሆስፒታሉ አለ። ገረሴ ያለችው አዋላጅ ጠዋት ምሕረትን መርምራ፣ «እናቴ፣ ልጁ በመቀመጫው ነው የመጣው። እዚህ አልደፍርም። ምጡ ገና ስለሆነ ጊዜ አላችሁ፤ ዛሬውኑ አርባ ምንጭ ግቡ» ብላኝ ነበር። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወርዷል። የገበያ ቀን ስላልሆነ መኪና የለም። የምሕረትን ባል ሥልጠና ብለው ሌላ ከተማ ልከውታል። ያለችው የእኔ አሮጌ ሞተር ናት።

መርገጫውን ረገጥኩ። ምንም። ደግሜ ረገጥኩ። ምንም። ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደረገጥኩ አላውቅም፤ እግሬ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ከዚያ አሸዋ ላይ ያወጣን ነገር የዚያን ቀን የተማርኩት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያውን ልናገር።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ሳይክል ጠግኛለሁ። ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል፤ ትንሽ ብሎን ይዤ መያዜን አላውቅም፣ ስትወድቅ በድምጿ ነው የምነቃው። ሞተሩም ተለውጧል። የአሁኖቹ በአውራ ጣት ጫን ሲሏቸው ይነሳሉ፣ ሲታመሙም የሚያናግራቸው ኮምፒውተር ነው። ደግ ነው፤ እኔ አልቆጭም። አሁን አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ፣ ሙዝ አከፋፍላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። «እማ፣ የምታውቂውን ጻፊው፤ ፊደሉን እኔ አርምልሻለሁ» ያለችኝ ምሕረት ናት፤ ገረሴ አስተማሪ ስለሆነች ስህተት ስታይ እጇን ይበላታል።

ሥራ የጀመርኩት ሥራ ሳልጠይቅ ነው። ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጋሽ ባሳ የሚባሉ ሰው የሞተር ጋራዥ ነበራቸው። ጋራዥ ስል አንድ ቆርቆሮና አንድ የማንጎ ጥላ ነው። እኔ ምሕረትን አዝዬ እዚያው በር ላይ ሻይና ቦምቦሊኖ እሸጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሞተሩን እየረገጠ፣ እየረገጠ፣ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ሁለት ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። እኔ ከሻይዬ ቀና ብዬ፣ «ቤንዚኑን እኮ ዘግተኸዋል» አልኩት።

ሰው ሁሉ ዞረብኝ። ደንበኛው፣ «አንቺ ሻይሽን ቅጂ!» አለ። ጋሽ ባሳ ጎንበስ ብለው መዝጊያዋን አዩ። ተዘግታለች። ከፈቷትና ደንበኛውን፣ «በል ርገጥ» አሉት። በአንድ ርግጫ ተነሳች። ጋሽ ባሳ ሳቃቸው እስኪያስላቸው ስቀው ወደ ሁለቱ ሠራተኞች ዞሩ።

«እናንተ በእጃችሁ ትፈልጋላችሁ። ይቺ በዓይኗ አገኘችው። ከነገ ጀምሮ ሻዩን እናንተ አፍሉ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ካቻቢቴ ሰጡኝ። ደመወዙ የሻይ ትርፌን አያህልም ነበር፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልቤን ይዞት ስለነበር አልተውኩም።

ጋሽ ባሳ የጨንቻ ደገኛ ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙ። ሞተር ሲመጣላቸው የመጀመሪያ ሥራቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ማጣመር ነው። መፍቻ አይነኩም። ዙሪያዋን ይሄዳሉ፣ ያሸታሉ፣ ባለቤቱን ይጠይቁታል፤ «መቼ ጠፋች? ስትሞቅ ነው ስትበርድ? ዝናብ መቷት ነበር? ማን ነክቷት ነበር?» እኔ እጄን ወደ ብሎን ከሰደድኩ ይቆጡኛል።

«እጅ ወደ ኋላ! ጆሮ ወደ ፊት! እጅ ከቀደመ ያልተበላሸውን ያበላሻል።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቋታል፤ ሰውን እንደሚጠይቁ፣ በድምፅ። «ቤንዚን አለሽ? እሳት አለሽ? ትንፋሽ አለሽ?» አሮጌ ሞተር አልነሳ ካለ ከሦስቱ አንዱ የለም፤ አራተኛ የለም። ቤንዚኑን ከጎማ ቱቦው አውርደው ያያሉ። እሳቱን ካንዴላውን ነቅለው ያያሉ፤ ካንዴላ ማለት ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረዋ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ትንፋሹን ደግሞ የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ደፍነው መርገጫውን ቀስ አድርገው ሲገፉ ጣታቸውን ከገፋው፣ «አለሽ፣ አለሽ» ይሏታል።

መርገጥንም እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። «ሦስቴ ርገጪ። በሦስት ካልነሳች ጠይቂያት። አራተኛው ርግጫ ንዴት ነው፤ ንዴት ደግሞ ሞተር አያስነሳም፣ በቤንዚን ያሰጥማታል።» እውነታቸውን ነው። አልነሳ ያለ ሞተር በተረገጠ ቁጥር ያልተቃጠለ ቤንዚን ይጠጣል፤ ካንዴላዋ ትርሳለች፣ ከዚያ በኋላ ደህና የነበረችውም አትነሳም።

እሳቱን ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ፀሐይ ነበር፤ የአርባ ምንጭ ፀሐይ። ካንዴላው ተነቅሎ ብረቱ ላይ ተጋድሟል፣ ሠራተኛው መርገጫውን ይገፋል፣ እኔ ምንም አላየሁም። «የለም» አልኩ። ጋሽ ባሳ ኮታቸውን አውልቀው የእኔንም የሞተሯንም ራስ አንድ ላይ ሸፈኑ። ጨለማ ሆነ። «ግፋ!» አሉት። በዚያች ጨለማ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ብልጭ አለች። ጥርት ያለች፣ ድምፅ ያላት፣ ጢቅ የምትል።

ከኮቱ ሥር አልወጣም አልኩ። «ድገመው» እያልኩ ስንቴ እንዳስገፋሁት። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ብረት ነው የሚያገሳው፣ ነዳጅ ነው የሚሮጠው ስል ኖሬ፣ ለካ ሰውና ሁለት ዘለላ ሙዝ ጭኖ ጨንቻ ዳገት ላይ የሚያወጣው ይህ ነው! የጤፍ ፍሬ! ስወጣ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ሠራተኞቹ ሳቁ። ጋሽ ባሳ አልሳቁም። ኮታቸውን አራግፈው እየለበሱ፣ «እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እስከ ዛሬም ነኝ» አሉኝ።

ሰባት ዓመት ከእሳቸው ጋ ሠራሁ። ከዚያ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለመስክ ሞተሮቹ ጠጋኝ ፈልጎ ቀጠረኝ። እዚያ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወረቀት ነበሩ እንጂ። ለአንዲት ካንዴላ ሦስት ፊርማ። ሞተሯ በር ላይ ዝናብ ስትጠጣ ፊርማው ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ወንዶቹ ሠራተኞች ደግሞ፣ «ሴት የነካችው ሞተር ቁልቁለት ላይ ይዞ ይጠፋል» ይሉኝ ነበር። አንዱን፣ «አንተንስ የወለደችህ ማን ናት? እስካሁን ፍሬንህ ይሠራል አይደል?» ስለው ሁለተኛ አልደገመውም።

ከሴቻ ወደ ገረሴ ተዛወርኩ። ደጋ ነው፤ ብርድ፣ ጭቃ፣ እንሰት፣ ጉም። ያገኘሁት ሰው ሁሉ ደግ ነበር። ሥራዬም ከብዙ ሰው ሕይወት ጋር የተገናኘው እዚያ ነው። የግብርናው ባለሙያ፣ የክትባቱ ሰው፣ አዋላጇ፣ ሁሉም በአሮጌ ሞተር ነው የሚሄዱት። ያጠፋሁትም እዚያ ነው።

የያኔዋን አዋላጅ ሲስተር ብርቱካን እላታለሁ። አጭር፣ ቀልደኛ፣ ሞተር ላይ ስትወጣ እግሯ መሬት የማይደርስ። አንድ ቀን መጥታ፣ «አስቱ፣ ቤንዚኑ በክዳኑ እየተረጨ ጨረሰኝ። ቀሚሴ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ወላዶቹ እኔን ሲያሸቱ ነው የሚያጥወለውላቸው» አለችኝ። የቤንዚን ታንኩ ክዳን ጎማ አልቋል። መለወጫ የለም፣ የጥያቄው ወረቀት ሴቻ ፊርማ ይጠብቃል። ቤንዚን ደግሞ በዚያ ሰሞን በሰልፍ ነበር የሚገኘው። ስለዚህ አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ፌስታል ሁለት ሦስት ቦታ አጥፌ ከክዳኑ ሥር አነጠፍኩና አጥብቄ ዘጋሁት። ነቀነቅነው፤ ጠብ የለም። ሲስተር ብርቱካን ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም ኮራሁ። በመጀመሪያው ርግጫ ነበር የተነሳችው።

በማግስቱ ከገረሴ በላይ ካለ መንደር ምጥ የጠናባት ሴት አለች ብለው ጠሯት። ሄደች። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሯ ጠፋች። ረገጠች፣ አልነሳ አለች። ጥቂት ቆይታ ረገጠች፣ ተነሳች፤ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ጠፋች። በመጨረሻ ጥላት በእግሯ ወጣች። ስትደርስ እናትየዋን አተረፈቻት። ሕፃኑን ግን አልደረሰችለትም።

ሞተሯን ሰዎች እየገፉ አመጡልኝ። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን አጠብኩ። አስነሳኋት፤ ተነሳች። ምንም የለባትም አልኩ። ለብቻዬ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለጋሽ ባሳ ስልክ አስደወልኩላቸው። በማግስቱ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው መጡ።

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ዞሯት። አስነሷትና ገበያውን እየዞሩ ነዷት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከእኔ ፊት ስትደርስ ጠፋች። አልረገጧትም። የታንኩን ክዳን ቀስ አድርገው ፈቱት። ታንኩ፣ «ሽሽሽ» ብሎ አየር ሳበ፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው። ረጅም ነበር። ጋሽ ባሳ ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው አነሱትና ለእኔ ሳይሆን ለሞተሯ፣ «ማነው ያፈነሽ?» አሏት።

ክዳኑ ላይ ስፒል የማታስገባ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር በእሷ በኩል ምትኩ አየር ይገባል። እኔ ደፈንኳት። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም፤ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ይጠማል። ትንሽ ስታርፍ እንደምንም አየር ሰርስሮ ስለሚገባ ትነሳለች፣ ደግሞ ትሞታለች። ቤንዚን አለሽ ብያታለሁ፣ እሳት አለሽ ብያታለሁ። ትንፋሽን የጠየቅኳት ደግሞ ሞተሩ ላይ ብቻ ነበር። ታንክም እንደሚተነፍስ አላወቅኩም።

ጋሽ ባሳ አልሰደቡኝም። «ተነሺ፣ ሳር እንጨድ» አሉኝ።

በጋሞ የበደለ ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ይሄዳል። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው አይመቱም፣ አያባርሩም። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘን ዳገቱን ወጣን። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ተንበረከክን፣ ጋሽ ባሳም አብረውኝ ተንበረከኩ፤ እሳቸው ምን አጠፉ? የወላዷ እናት ወጣች፤ የእኔ እናት የምትሆን ሴት። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ነገሯት። እኔ፣ «ፌስታሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኩ። 

ከፊቴ መጥታ ጎንበስ አለች። ከዚያ ሳሩን ከእጄ ወሰደችው።

«ተቀብያለሁ» አለች። «ሥራውን ትተዪ ይሆን?»

«እተዋለሁ፣ እናቴ።»

«አትተይ። ሌላ ሴት ምጥ ይይዛታል። ያወቅሽውን ይዘሽ ወዴት ትሄጃለሽ?»

እኔ ብዙ ነገር አይቼ ተገርሜያለሁ። እንደዚያች ሴት ያስገረመኝ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ የገባ ሞተር ሁሉ ክዳኑ ሳይፈተሽ አልወጣም። በጋሞ ደጋ ስንት ፌስታል እንደነቀልኩ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። «አስቱ ደግሞ ፌስታል ጠላች!» ይሉኛል። ይበሉ።

ጋሽ ባሳ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ሞተራቸውን ለእኔ ነው የተናዘዙልኝ፤ የድሮ፣ በእግር የምትነሳ፣ ጢስ የምትወድ። ሥራ ሳቆምም እሷን አልሸጥኳትም። ያን ቀን ምሕረትን ለማየት ገረሴ የወጣሁባት፣ ደረቁ ወንዝ ጫፍ ላይ ቀጥ ያለችብኝም እሷው ናት።

ወደዚያው ልመለስ።

እረግጣለሁ። ጩኸቱ እየቀረበ ነው። ቀጭኑ ውሃ የአሸዋውን ግማሽ አልፏል። ከንፈሬን ነክሼ እየረገጥኩ፣ «ተነሺ! ተነሺ አንቺ!» እላለሁ። ነጠላውን ፈትታ የወረደችው ምሕረት ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች።

«እማ» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ትነሳለች።»

«እማ፣ ስንተኛሽ ነው?»

እግሬ አየር ላይ ቀረ። ይቺ ልጅ በጀርባዬ ሆና ነው ጋራዥ ውስጥ ያደገችው። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ እሷ ግን ፈገግ ለማለት ትሞክራለች። «ጋሽ ባሳ ቢያዩሽ ሻይ ያስፈሉሽ ነበር» አለች።

አፍሬ እግሬን አወረድኩ። ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ጎርፍ እየመጣ እጅን አጣምሮ መቆም ምን እንደሚመስል ያላደረገው አያውቀውም። ግን ጆሮዬ ተከፈተ፣ አፍንጫዬም ተከፈተ። ቤንዚን ይሸታል፤ በጣም። ቤንዚን አለሽ፤ እንዲያውም አሰጥሜሻለሁ። ክዳኑን ፈታሁት፤ «ሽሽሽ» አላለም። ትንፋሽ አለሽ። ታዲያ መጀመሪያ ምን አጠፋሽ? ላይ፣ አንድ ምንጭ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ስናልፍ ውሃ እስከ ጉልበታችን ረጭቶን ነበር። ውሃ ነው። እሳት የለሽም።

የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋሁ። ካንዴላውን ነቀልኩ፤ ጥቁር፣ ርጥብ። በቀኝ እጄ የማዞረውን ጋዝ እስከ መጨረሻ ከፍቼ መርገጫውን ደጋግሜ ገፋሁት፤ የጠጣችው በቀዳዳው በኩል እንደ ትውከት ወጣ። ካንዴላውን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩና ሽታው እስኪለቅ ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ከቀዳዳው አርቄ ብረቱ ላይ አጋደምኩት። ፀሐዩ አያሳይም።

«ነጠላውን አምጪው!»

ምሕረት ነጠላውን እጥፍ አድርጋ በሁለታችን ራስ ላይ ጣለችው። ልጄና እኔ፣ ግንባር ለግንባር። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነው። መርገጫውን በእጄ ገፋሁ። ጨለማ። ደግሜ ገፋሁ። ምንም።

«የለም» አለች።

የካንዴላውን ቆብ ከሽቦው ላይ ጠምዝዤ አወጣሁት፤ ውስጡ ውሃ አለ። ነፋሁት፣ ጠረግኩት። የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል። ጋሽ ባሳ፣ «ሽቦ እንደ ጥፍር ነው፤ የሚያረጀው ጫፉ ነው» ይሉ ነበር። በፒንሳ የጥፍር ያህል ቆረጥኩለት። አዲስ ቀይ መዳብ ብቅ አለ። ቆቡን መልሼ ጠመዘዝኩበት። ነጠላው ሥር ገባን። ገፋሁ።

ጢቅ።

ሰማያዊ። የጤፍ ፍሬ። የልጄ ዓይን ውስጥም አየኋት፤ ሁለት ሆና። ምሕረት፣ «ወይኔ እማ» አለች፣ ከዚያ ምጡ መጣባትና ክንዴን ያዘችኝ። እዚያው ነጠላው ሥር እስኪያልፍላት ጠበቅኩ። ውጭ ወንዙ ያጓራል። እኔ በዚያች ሰዓት ፈርቼ ነበር፤ ብዙ። ግን መገረሜም አልጠፋም። እግዚአብሔር ይወቅልኝ፣ አልጠፋም።

ካንዴላውን ልመልስ ስል ጣቶቼ ከዱኝ። ጥርሱ ከቀዳዳው ጥርስ ጋር መግጠሙ አይሰማኝም። አጣምሜ ካስገባሁት የሞተሩ ራስ ይበላሻል፣ ያኔ ሁሉ ነገር አበቃ።

«ምሕረት፣ አንቺ ያዢው። መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሪ፣ ቀስ ብለሽ። ቋ ሲል ቁሚ።»

«...ቋ አለ።»

«አሁን ወደ ቀኝ።»

ምጥ የያዛት ልጄ በሁለት ጣቷ አዙራ አስገባችው። እኔ በቁልፍ አጠበቅኩት። ቤንዚኑን ከፈትኩ። አንድ ረገጥኩ፤ ሳል። ሁለተኛ፤ ረዘም ያለ ሳል፣ ነጭ ጢስ። ሦስተኛውን ከመርገጤ በፊት ዓይኔን ጨፈንኩ።

አገሳች። አሮጊቷ አገሳች!

ምሕረትን አስቀምጬ፣ በነጠላው አስሬ፣ ጋዙን ሳልለቅ አሸዋው ውስጥ ገባሁ። ውሃው ገና ከቁርጭምጭሚት በታች ነው፤ ጎማው ይንሸራተታል፣ ምሕረት በጆሮዬ ትጸልያለች። ማዶ ወጣን። ዳገቷን ጥቂት ሄጄ ሞተሯን ሳላጠፋ ዞርኩ። መጣ። ቡናማ ግድግዳ። ድንጋይ እንደ ዳቦ እያንከባለለ፣ ሙሉ እንሰት ከነሥሩ፣ ከነቅጠሉ፣ ቆሞ እንደሚሄድ ሰው እያስኬደ። ሞተሯ ቆማበት የነበረውን፣ ነጠላ ለብሰን ያጎነበስንበትን ቦታ ዋጠው። መሬቱ በጎማው በኩል እስከ አጥንቴ ይንቀጠቀጣል። ዞሬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሶቹ እየሮጡ ከእጄ ወሰዷት። በኦፕራሲዮን ነው አሉ፣ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። በሩ ተዘጋ።

ከበሩ ፊት ለፊት ቆምኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። የጥበቃው ሰውዬ መጥቶ፣ «እናት፣ ምነው እጅሽን እንደ እስረኛ ወደ ኋላ አደረግሽ? ተቀመጪ እንጂ» አለኝ።

«እያዳመጥኩ ነው ወንድሜ» አልኩት።

ከውስጥ የብረት ዕቃ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲናገር ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። የዚያችን የገረሴዋን ሴት እጅ አሰብኩ፣ ሳሩን ከእኔ ስትወስድ። በልቤ ጠየቅኩ፤ ትንፋሽ አለሽ?

ዝምታ።

ትንፋሽ አለሽ?

አለቀሰች። መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ ረዘም አድርጋ፣ በሦስተኛው ሕንፃውን ሞላችው። ሴት ልጅ ናት። እጄን ከኋላዬ ፈታሁት።

ደርሰናል። ልጄ ደህና ናት፣ የልጅ ልጄ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ።